ቃል ብቻውን አይገድልም ማለት ቃል አያስገድልም ማለት አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ የፖለቲከኛ ንግግርም ሆነ የሐሰት ወሬ ሰው አያስገድልም፤ ተጠያቂው ድንጋዩን የወረወረው እጅ ብቻ ነው፤ የግጭት ምክንያቱ ድህነት፣ የመሬት ጥያቄና የቆየ ቂም ነው፤ “የጥላቻ ንግግር” የሚባለው መንግሥታት ተቺዎቻቸውን ለማፈን ያመጡት ሰበብ ነው፤ ለዚህም ሩዋንዳ ራሷ ምስክር ናት ይላል። ጸሐፊው አስበውበት እንደጻፉት ያስታውቃል። የመጨረሻው ስጋታቸው የእኔም ስጋት ነው። መደምደሚያቸው ግን የተሳሳተ ነው። ስህተቱ በሰው ሕይወት ላይ የሚመጣ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

“ድንጋይ የሚወረውረው እጅ እንጂ አፍ አይደለም” በሚለው ልጀምር። አባባሉ ጆሮ ይይዛል፤ ወርዋሪው መጠየቅ እንዳለበትም የሚከራከር የለም። ነገር ግን ጥፋት በአንዱ ላይ ሲያርፍ ከሌላው ላይ ይነሳል ያለው ማን ነው? የራሳችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 36 ሌላውን ሰው በማግባባት፣ ተስፋ በመስጠት፣ በገንዘብ፣ በማስፈራራት ወይም በሌላ ዘዴ ወንጀል እንዲሠራ ያነሳሳውን ሰው በወንጀል ይጠይቃል። አድራጊውንም ነፃ አያወጣም፤ ሁለቱንም ያስቀጣል። በሠፈር ጸብ እንኳ ሽማግሌ ሲቀመጥ ማን እንደመታ ብቻ ጠይቆ አይነሳም፤ ነገሩን ማን እንዳመጣው፣ ማን መሀል ገብቶ እንዳባባሰው ያጣራል። ሁለት ወንድማማቾችን ያጋጨ ነገረኛ ዱላ ስላልያዘ ብቻ ከወቀሳ አያመልጥም። ጸሐፊው በሠፈር ደረጃ ማንም የሚያውቀውን ነገር በአገር ደረጃ እንድንረሳው ነው የሚጠይቁን።

ሩዋንዳ ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆየት አለብኝ፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ጸሐፊው የሚሉት፣ “ሚል ኮሊን” በመባል የሚታወቀው የሩዋንዳ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ አስነሳ የሚለው ታሪክ የተጋነነ ነው፤ ገዳዮቹን አነጋግረው ያጠኑ ምሁራንም ይህን አረጋግጠዋል ነው። የጠቀሱት ጥናት አለ። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ስኮት ስትራውስ በሩዋንዳ እስር ቤቶች ከ200 በላይ የተፈረደባቸውን ሰዎች አነጋግሮ ነበር። አብዛኞቹ ወደ ግድያው የገቡት ሬዲዮ ሰምተው ሳይሆን የአካባቢ ባለሥልጣን አዟቸው፣ ጎረቤት መጥቶ ጎትቷቸው ወይም እምቢ ካልን እኛም እንገደላለን ብለው ፈርተው እንደሆነ ነግረውታል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ይሁን እንጂ ያ የአካባቢ ባለሥልጣን ምን አደረገ ሊባል ነው? እሱ በየኮረብታው እየዞረ ሰው ሰብስቦ “ጠላት ደርሶብናል፣ ካልቀደማችሁ ትቀደማላችሁ” ሲል የነበረው የፖለቲካ ንግግር ካልሆነ ስሙ ማን ነው? ጥናቱ የሚያሳየው በፊት ለፊት የተነገረ ቃል በአየር ከተላለፈው ቃል ይበልጥ ሰው እንዳንቀሳቀሰ ነው። ይህ የጸሐፊውን ክርክር አያጠናክርም፤ ያፈርሰዋል እንጂ።

ሌላም ያልነገሩን ጥናት አለ። ሩዋንዳ የኮረብታ አገር በመሆኗ የሬዲዮው ሞገድ አንዱ መንደር ሲደርስ ኮረብታ የጋረደው ጎረቤቱ ጋ አይደርስም ነበር። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት ይህን ልዩነት ተጠቅሞ፣ ሬዲዮው የሚሰማባቸውን መንደሮች ከማይሰማባቸው ጋር አነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጥናት በጭፍጨፋው ከተሳተፉት ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ ተሳትፎ ከሬዲዮው ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ቁጥሩ ወደ 50 ሺህ ሰው ይጠጋል። በዚህ ግምት ምሁራን ተከራክረውበታል፤ ስትራውስም የሬዲዮው ድርሻ ከዚህ ያነሰ ነው ባይ ነው። ግን “ምንም” እና “10 በመቶ” በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት እናስብ። ዘጠና በመቶው ያለ ሬዲዮ ይሆን ነበር ማለት የቀረው አልሆነም ማለት አይደለም።

ሬዲዮው ምን ይሠራ እንደነበርም በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሥርጭት ሲጀምር ወጣቱ የሚወደው ሙዚቃና ቀልድ የሞላበት ጣቢያ ነበር። ቱትሲዎችን በረሮ እያለ መጥራቱ በዚሁ ጨዋታ መሀል ተላመደ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ግን ጣቢያው የሰዎችን ስም ማንበብ፣ የት እንደተሸሸጉ መናገር፣ የመኪና ታርጋ መጥቀስ ጀመረ። ኬላ ላይ ቆንጨራ ይዞ የቆመው ወጣት ሬዲዮዋን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚጠባበቀው ይህን ነበር። በ100 ቀናት ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 800 ሺህ ያህል ሰው አለቀ።

በዚያን ጊዜ ሥርጭቱ በቴክኒክ እንዲታፈን ጥያቄ ቀርቦ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1994 በተጻፈ ማስታወሻ ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አውሮፕላኑ በሰዓት 8,500 ዶላር ያህል ማስወጣቱ ነበር። ይህን ሳነብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ፍርዱንም ጸሐፊው በግማሽ ነው የጠቀሱት። አሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሁለት የሬዲዮ ጣቢያው መሥራቾችንና የ“ካንጉራ” ጋዜጣ አዘጋጅን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ጥፋተኛ ብሏል። ይግባኝ ሰሚው ችሎት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 በርካታ ነጥቦችን ሽሮ ቅጣቱን ወደ 30፣ 32 እና 35 ዓመት ዝቅ አድርጎታል። ጸሐፊው “ተሻረ” ብለው ያቆማሉ። ችሎቱ ያደረገው ግን ነገሩን መለየት ነው። ከሚያዝያ 6 በፊት የተላለፉት ንግግሮች ለጭፍጨፋው ጉልህ ድርሻ እንደነበራቸው በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም አለ፤ ከዚያ በኋላ የተላለፉት ግን ለግድያው ጉልህ አስተዋጽኦ እንዳደረጉ አረጋገጠ። አንድ ዓይነት ቃል ሰላም በሆነ ቀንና ኬላ በቆመበት ቀን እኩል ክብደት የለውም። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሙግት በኋላ የተገኘው ትምህርት ይኸው ነው፤ የጸሐፊው ጽሑፍም የዘለለው ይህንኑ ነው።

“ሚሊዮኖች ሰምተው ሚሊዮኖች አልገደሉም፤ ታዲያ ቃሉ ምን አደረገ?” የሚለው ሦስተኛው ነጥባቸው ነው። ሰው ለመግደል ሚሊዮን ሰው አያስፈልግም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአማራ ክልል አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን በክትባት ስም እየመረዙ ነው የሚል ወሬ ተነዛባቸውና በተሰበሰበ ሕዝብ እጅ ተገደሉ። እዚያ የመሬት ክርክር አልነበረም፤ የብሔር ጸብም አልነበረም። በጎ ሥራ ይዘው የመጡ ሰዎችና ልጁን የሚወድ ወላጅ ነበሩ። በመካከላቸው የገባው አንድ የሐሰት ወሬ ብቻ ነው። ወሬውን ከሰሙት አብዛኞቹ ድንጋይ እንዳላነሱ አልጠራጠርም። ያነሱት በቂ ነበሩ።

አራተኛው ነጥብ ስር ስላላቸው ምክንያቶች ነው። ድህነትም፣ የመሬት ጥያቄም፣ ሕገ መንግሥታዊ ክርክርም፣ ያልሻረ ቁስልም አለ። ይህን የሚክድ ሰው አገሩን አያውቅም። ግን እነዚህ ምክንያቶች ለምን ቅሬታ እንዳለ ይነግሩናል እንጂ ለምን በዚያ ቀን፣ ለምን በዚያ ቤት በር ላይ እንደሆነ አይነግሩንም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። የመሬቱ ጥያቄ ሰኔ 21 ቀንም ነበረ፤ ድህነቱም እንደዚያው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ሳይጣራ ግን በየማኅበራዊ ሚዲያውና በየጣቢያው ደሙ ለዚህ ወይም ለዚያ ሕዝብ ተሰጠ። በማግስቱ በሻሸመኔ፣ በአርሲና በባሌ ከተሞች ሰዎች በማንነታቸው ተመርጠው ተገደሉ፤ ቤታቸውና ንብረታቸው ተቃጠለ።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት በእነዚያ ቀናት 123 ሰዎች መሞታቸውን አረጋግጧል። ከእነዚህ 76ቱ የሞቱት በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች እርምጃ ነው። 35ቱ በግለሰቦችና በተደራጁ ቡድኖች ጥቃት ተገድለዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ሆን ብዬ ነው ያነሳሁት። ስለ ጥላቻ ንግግር የሚናገር ሰው የመንግሥትን ጥይት ከረሳ ጸሐፊው የሚከሱት ዓይነት ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ቁጥር ግን በመጀመሪያው አይሸፈንም። 35 ሰው ጎረቤቱና አላፊ አግዳሚው የገደለው 35 ሰው ነው።

አምስተኛው ነጥባቸው ይበልጥ አሳዝኖኛል። ባለሥልጣናት የሚጠቀሙባቸው ስያሜዎች “ድርጅትን እንጂ ሕዝብን አይመለከቱም፤ የፖለቲካ ቋንቋ ናቸው” ይላሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2010 ዓ.ም. ሙሰኛ ባለሥልጣናትን “የቀን ጅቦች” ሲሉ የታለመው ሕዝብ አልነበረም ይባል ይሆናል። የኦሮሚያው ፕሬዚዳንት መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ኢሬቻ ላይ ነፍጠኛን እዚሁ ሰበርነው ሲሉም ሥርዓቱን ነው የተባለው ይባላል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ በትግራዩ ጦርነት መሀል “አረም” እና “ነቀርሳ” የሚሉ ቃላት ከከፍተኛው ወንበር ሲወጡም ድርጅቱን፣ ሕወሓትን ነው ተባለ። በሌላው ወገን “ሒሳብ እናወራርዳለን” ሲባልም ከልሂቃኑ ጋር ነው እንጂ ከሕዝቡ ጋር አይደለም ተባለ። ተናጋሪው በልቡ ያሰበውን እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ የምናየው ሰሚው ምን እንዳደረገበት ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ የታሰሩት የድርጅቱ አባላት ብቻ አልነበሩም። እናቶች፣ አዛውንቶች፣ ሱቅ ጠባቂዎች ታሰሩ፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ ራሱ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንዳሳሰበው በይፋ ገልጿል። በትግራይም ሆነ በአማራ ክልሏ ነፋስ መውጫ የተደፈሩ ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል በሰጡት ቃል አጥቂዎቹ በብሔራቸው እየጠሩ ይሰድቧቸው እንደነበር ተናግረዋል። ሁለቱ ጦሮች፣ የመንግሥት ወገንና ሕወሓት፣ እርስ በርስ ጠላት ነበሩ፤ በሴቶቹ ላይ የፈጸሙት ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ስድቡም አብሮ ነበረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መድረክ ላይ የተጣለውን ስያሜ ወታደሩ ተሸክሞት ሰው ቤት ገብቷል።

እዚህ ላይ በውጭ ስለምንኖረው ሰዎችም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ጽሑፉ ጨርሶ ስላልነካው። ከዋሽንግተን፣ ከሚኒያፖሊስ ወይም ከለንደን ስቱዲዮ ተቀምጦ “ተነስ፣ መንገድ ዝጋ፣ ምን ትጠብቃለህ” የሚል ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ በሰላም ይተኛል። መንገድ የዘጋው ልጅና መንገድ የተዘጋበት ሹፌር ግን ማታቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ እግዜር ነው የሚያውቀው። ርቀቱ ለተናጋሪው መከላከያ እንደማይሆን ደግሞ የሩዋንዳው ፖለቲከኛ ሊዮን ሙጌሴራ ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1992 ሩዋንዳ ውስጥ ካባያ በተባለ ቦታ በቱትሲዎች ላይ ባደረገው የማነሳሻ ንግግር ምክንያት ካናዳ ከገባ በኋላ ለዓመታት ተሟገተ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳልፋ ሰጠችው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከንግግሩ እስከ ፍርዱ ከ23 ዓመት በላይ አልፏል።

ስድስተኛው፣ ፌስቡክና መሰሎቹ “ባዶ ሰሌዳ ናቸው፤ የሚጽፍባቸው ሰው ነው” የሚለው ነው። ሰሌዳ የተጻፈበትን መርጦ ለሌላ ሰው አያሳይም። እነዚህ ኩባንያዎች ግን ብዙ ሰው የሚቆጣበትን፣ የሚያጋራውንና የሚከራከርበትን ወደፊት የሚያመጣ ሥርዓት ነው የሠሩት። በፌስቡክ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ምክር ቤት ቃሏን ስትሰጥ ይህ አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ጥቃትን እያባባሰ መሆኑን ጠቅሳለች። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ማይናማርን በተመለከተ መድረኩ ለጥቃት ማነሳሻ እንዳይውል በቂ ሥራ አለመሥራቱን አምኗል።

በባሕር ዳር የሆነውን እንመልከት። አንድ የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፎቶግራፋቸው፣ ስማቸውና የሥራ ቦታቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ቤተሰባቸው ለፍርድ ቤት እንዳቀረበው ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቶ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመተው ሞቱ። አንዱ ጽሑፍ መወገዱ የተነገራቸው ከሞቱ ከቀናት በኋላ ነበር። በኬላ ላይ ስም ከማንበብ ይህ በምን ይለያል? ስም፣ መልክ፣ ቦታ፣ ክስ፤ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ላይ ክስ መሠረተ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። በዚያው በጥቅምት 2014 ማብቂያ ሰሞን ፌስቡክ ሕዝቡ ጠላትን እንዲቀብር ጥሪ ያቀረበውን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጽሑፍ አንስቶታል። ለጠቅላይ ሚኒስትር ጽሑፍ የነቃ ዓይን ለአንድ መምህር ሕይወት አልነቃም።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ፣ እኔም ወደምጋራቸው ስጋት ልምጣ። “ቃል ያስገድላል ካልን መንግሥት ሁሉንም አፍ ይዘጋል” ይላሉ። ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ያስቀጣል። ሐሰትና እውነትን የሚለየው ራሱ በነገሩ ውስጥ ያለ አካል ሲሆን የት እንደሚያደርስ መገመት አያስቸግርም። ጋዜጠኛ ሲታሰር አይተናል። ኢንተርኔት ማጥፋትም መፍትሔ አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ግድያው በዚያው ቀጥሏል። በኅዳር 2013 በአክሱም የተፈጸመው ጭፍጨፋ ስልክም ኢንተርኔትም በተቆረጠበት ነው የሆነው፤ ዓለም በቅጡ የሰማው ከወራት በኋላ ነው። ጨለማ ወሬን አይገድልም፤ ማስተባበያን ነው የሚገድለው።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው “ስለዚህ ቃል አያስገድልም” ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱ በምን እንደሚያያዙ አይታየኝም። ሕግ በአግባቡ አለመሥራቱ በሽታው የለም አያሰኝም። የሚያስፈልገው መለኪያ ነው፤ መለኪያ ደግሞ አለ። በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት አስተባባሪነት በ2012 እ.ኤ.አ. በሞሮኮዋ ራባት የተዘጋጀው ሰነድ አንድ ንግግር በወንጀል ከመጠየቁ በፊት ስድስት ነገሮች እንዲመዘኑ ይጠይቃል፤ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ሥልጣንና ተሰሚነት፣ ሐሳቡ፣ የንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ የደረሰበት ስፋት፣ ጉዳት የማድረሱ ዕድል ናቸው። በዚህ ሚዛን አምስት መቶ ተከታይ ያለው ተማሪ በንዴት የጻፈው ስድብ ወንጀል አይሆንም፤ ነውር ሊሆን ይችላል። የባለሥልጣን ንግግር ግን በጦርነት መሀል፣ በመንግሥት ቴሌቪዥን፣ ለሚሊዮኖች ሲተላለፍ በሁሉም ረድፍ ከፍ ይላል።

የእኛ አዋጅ የሚቆጥረው ተከታይ ነው እንጂ ሥልጣን አይደለም። ጸሐፊው ብዕራቸውን ወደዚያ ቢያዞሩ ትልቅ ሥራ በሠሩ ነበር። አዋጁ ይሻሻል፣ ማስረጃው በነፃ ፍርድ ቤት ይመዘን፣ ተጠያቂነቱ ከሚኒስትሩ፣ ከክልል ፕሬዚዳንቱ፣ ከጦር አዛዡና ከትልቁ ጣቢያ ባለቤት ይጀምር፣ ወጣቱ ጋ በመጨረሻ ይድረስ ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ይህ ምላሽ ባልተጻፈ ነበር። አሁንም ያን ጥያቄ ቢያነሱ ከጎናቸው እቆማለሁ።